ባንዱን ማን ያኑረው? የጃኖ ወዳጆች ክርክር በአጣዬ

አጣዬ መሀል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ የሞባይል ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የተንጠለጠለባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለሱቋ ወጣት ናት፤ ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላለች። ከመስታወቱ ወዲህ የቆመው የሲኖትራክ ረዳት ፍላሹን አቀበላት።

«ምን ልጫንልህ?»

«ቀላቅይልኝ። የድሮም የአሁንም ይሁን፤ ብቻ ሞቅ ያለ። ሹፌሬ ጣርማበርን ሲወጣ እንዳያንቀላፋብኝ።»

ልጅቷ ፎልደሮቹን ተራ በተራ ከፈተች። አንዱ «ሠርግ» ይላል፣ አንዱ «መንዙማ»፣ አንዱ «ትዝታ»፣ አንዱ «ለሹፌር»። በመጨረሻ «ጃኖ» የሚለው ላይ ደረሰችና «ይኼንም ልጨምርልህ፤ ጊታሩ እንቅልፍ አያስተኛም» አለችው። ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ርዕስ የላቸውም። «ጃኖ 1»፣ «ጃኖ 2» እየተባሉ ይወርዳሉ። የድምፃውያኑ ስም የለም፤ የአልበሙም ስም፣ የወጣበትም ዓመት የለም። ከመካከላቸው ሁለቱ ጭራሽ የጃኖ አይደሉም፤ የሌላ ዘፋኝ ሥራ ነው ተቀላቅሎ የገባው። ረዳቱ ሒሳቡን ከፈለ፣ ፍላሹን ኪሱ ከተተ፣ መኪናው ጡሩንባ ሲያሰማ ሮጠ።

የአንድ ባንድ ሥራ ዓይናችን እያየ ተሸጠ። ገንዘብም ተከፈለበት። ከተከፈለው ግን ግጥሙን ለጻፈው፣ ዜማውን ለደረሰው፣ ከበሮውን ለመታው ቤሳ አልደረሰውም። ልጅቷን ሌባ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። እሷ የምታስከፍለው የጉልበቷንና የመብራቷን ነው። ይህ ዘፈን ባለቤት አለው፣ ድርሻውም በዚህ በኩል ይላክለታል ብሎ የነገራት ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሱቅ ደግሞ ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ በየከተማው አለ፤ ሸዋሮቢትም፣ ካራቆሬም፣ ከሚሴም።

ከሱቋ ጥቂት ወረድ ብሎ ባለ ሻይ ቤት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሚገናኙ አራት ወዳጆች አሉ። አንዱ መምህር ነው፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ፤ አራተኛዋ ነርስ ናት። አጣዬ ያለችበት የይፋት ቆላ ሙቀት ቀን ቀን ተቀምጦ ስለማያስወራ ጨዋታቸው የማታ ነው። የጃኖ የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ የመሰናዶ ተማሪዎች ነበሩ። የልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድም ሲዲውን ከአዲስ አበባ ይዞላቸው መጣ፤ አራቱ ቤት በተራ ዞረ፤ ተጭሮ ተጭሮ ማጫወቻው እስኪተፋው ድረስ ሰሙት። ዛሬም ስለ ባንዱ የሚከራከሩት ስለ ዘመድ ጉዳይ እንደሚከራከር ሰው ነው፤ ይቆጣሉ፣ ያዝናሉ፣ ይሟገታሉ።

«አልቋል በሉኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ድምፃውያኑ በየፊናቸው ነጠላ ዜማ ማውጣት ሲጀምሩ ነገሩ እንዳበቃ ገብቶኛል።»

«ሰው እየሰማቸው እንዴት አለቁ ይባላል?» ነርሷ ነች። «ትናንት የመጣሁበት መኪና ላይ ራሱ ተከፍተው ነበር።»

ባጃጅ ነጂው ጥፋቱን ባንዱ ላይ ያደርጋል። «በሁለት አልበም መካከል ያን ያህል ዓመት ከጠፋህ ማን ይጠብቅሃል? የዘንድሮ ሰው በየወሩ አዲስ ነገር ይፈልጋል። አልበም ብሎ ነገር ቀርቷል።»

መምህሩ ሻዩን አማስሎ ዝም ካለ በኋላ «ሰሚ መች ጠፋ? ከፋዩ ነው የጠፋው» አለ።

ይህን የመምህሩን ነገር ይዤ ልሂድ፤ እውነቱ ወደ እሱ ያደላል ብዬ አምናለሁና። መጀመሪያ ግን ስለ ባንዱ።

ጃኖ ባንድ የተሰባሰበው በሥራ አስኪያጁ በአዲስ ገሠሠ ጥረት ነው። አዲስ ለቡድን ሙዚቃ እንግዳ ሰው አልነበረም። ወንድሙ ዘለቀ ገሠሠ የነበረበት ዳሎል ባንድ በአሜሪካ ከዚጊ ማርሌ ጋር ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣውና ግራሚ ባሸነፈው «ኮንሸስ ፓርቲ» አልበም ላይ መሣሪያ የተጫወቱት የእኛው የዳሎል ልጆች ናቸው። ጃኖ ሲቋቋም የታሰበው ከአንድ ዘፋኝ ጀርባ የሚቆም አጃቢ አልነበረም። አራት ድምፃውያን ነበሩት፤ ድብኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፤ ከኋላቸው ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም። አገርኛውን ቅኝት ከከባድ የሮክ ጊታር ጋር አጋጠሙት። «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር በሠራቸው ሥራዎች የምናውቀው። አልበሙ በ2005 ዓ.ም. ገደማ አድማጭ ዘንድ ደረሰ። ሁለተኛው፣ «ለራስህ ነው»፣ የወጣው ከአምስት ዓመት ግድም በኋላ ነው።

ያ አምስት ዓመት ለባንዱ ብቻ የዘገየ ጊዜ አልነበረም፤ ገበያው የተገለበጠበት ጊዜ ነበር። «ኤርታሌ» ሲወጣ ሲዲ የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት በየከተማው ነበር፤ አዟሪውም በየአውቶቡስ መናኸሪያው ሲዲ ይዞ ይዞራል። ሁለተኛው ሲወጣ ግን ብዙዎቹ ሙዚቃ ቤቶች ወደ ሞባይል መሸጫነት ተቀይረዋል፤ ሲዲ ማጫወቻ ያለው ቤትም እየጠፋ ነበር። አጣዬ ውስጥ ዛሬ ሲዲ ይዘህ ብትገባ የሚያጫውትልህ ለማግኘት መንከራተት አለብህ። ባጃጅ ነጂው አምስቱን ዓመት እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ከአሥር ያላነሱ ሰዎች የሚኖሩበት ቡድን በዚያ ወቅት ምን ቢያደርግ ከኪሳራ ያመልጥ እንደነበር ሊታየኝ አልቻለም።

ስሙ ከካሴቱ ላይ የነበረ ጊዜ

የባንድ ሙዚቃ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራዎች በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩ ባንዶች ነበሩ። ተጫዋቹ ሸክላ ተሸጠ አልተሸጠ ወር ሲደርስ ደመወዙን ይቀበላል። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ይህን ጥሶ የመጀመሪያውን የግል ሸክላ አሳታሚ ያቋቋመው አምሃ እሸቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አሳትሟል። ወጣት ነበር፣ ለመታሰር ተዘጋጅቶ ነው የገባበት። ያ ድፍረት ባይኖር ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ድምፅ አብዛኛው አይቀረጽም ነበር።

ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የምሽት ቤቱን ገደለው። ባንዶች ወደ ሆቴል ተጠለሉ። ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ጊዮን። በዚያው ዘመን ሸክላውን ካሴት ተካው፤ ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድም የካሴቱ ዘመን ንጉሥ ሆነ። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም፣ ቤዚስቱ ጆቫኒ ሪኮና ጓደኞቻቸው ያጀቧቸው ካሴቶች ከ200 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። የመሐሙድ አህመድንም፣ የአስቴር አወቀንም፣ የነዋይ ደበበንም ድምፅ ከሮሃ ነጥሎ መስማት ያስቸግራል።

በዚያን ጊዜ የካሴቱ ሽፋን ላይ ከዘፋኙ ፎቶ ሥር «ከሮሃ ባንድ ጋር» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሰው ካሴት ሲገዛ «የማን ባንድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባንዱ ሮሃ ከሆነ ሳይሰማ ይገዛል። ስም ካሴት ይሸጥ ነበር። የነርሷ እናት ካሴቶቻቸውን በባንድ ለይተው ይደረድሩ እንደነበር ነርሷ ነግራናለች። ዛሬ «ጃኖ 7» ከሚል ፋይል ላይ ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንደተጫወተ የሚያውቅ የለም። ስሙ ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጎጂ ከኋላ የቆመው ተጫዋች ነው።

ይሁንና ያ ዘመንም ለቡድን የተመቸ ነበር ብዬ ላታልል አልፈልግም። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሄደ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ባንዱም በዚያው ተበተነ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ከዋልያስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት፣ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበት «ጨ በለው» የተሰኘ ሸክላ፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ሆነ። ኃይሉ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደገና መድረክ ላይ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። መልካም ዜና ነው፤ ግን የተነሣው ኃይሉ ነው እንጂ ዋልያስ አይደለም። ቡድን አንዴ ከተበተነ መልሶ መሰብሰብ እንዴት እንደሚከብድ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ለአሥር ሲካፈል

ልብስ ሰፊው የሸሚዝ ልክ በሚጽፍባት ደብተር ላይ ሒሳብ ሠርቶ አሳየን። አንድ ድምፃዊ ብቻውን ሲዘፍን በአንድ ምሽት የሚያገኘውን ለራሱ ያደርገዋል፤ ያጀቡትን በቀን ሒሳብ ከፍሎ ያሰናብታል። ባንድ ግን የሚያገኘውን ለአሥር ይካፈላል፤ ከማካፈሉም በፊት የልምምድ ቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት፣ የመሣሪያ ጥገና ይነሣለታል። «ስለዚህ ባንዱ ከአንድ ዘፋኝ እኩል ቢሸጥ እንኳ እያንዳንዱ ልጅ አሥር እጥፍ ደሃ ነው» አለና እስኪርቢቶውን ጆሮው ላይ ሰካ።

ሒሳቡ ትክክል ነው። ድሮ ይህን ጉድለት የሚሞላው አልበም ነበር። አሳታሚው ከሽያጩ በፊት ጠቅላላ ክፍያ ይሰጣል፤ ያ ገንዘብ ለጥቂት ጊዜ ቡድኑን አንድ ላይ ያቆየዋል፤ አልበሙ ሲሰማ የመድረክ ጥሪ ይመጣል። አሁን አሳታሚ በሲዲ ሽያጭ ተማምኖ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ዩቲዩብ ደግሞ የሚከፍለው ተመልካቹ ባለበት አገር ማስታወቂያ ዋጋ ልክ ነው፤ አሜሪካ ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው አጣዬ ተቀምጠው ከሚያዩ ብዙ ሰዎች የበለጠ ያስገኛል። የአጣዬው አድማጭ አሥር ጊዜ ቢሰማ ለባንዱ የሚጨምረው ገቢ ከምንም አይቆጠርም። ይህን ስነግራቸው ነርሷ በጣም ከፋት። «እኛ አድማጭ አይደለንም ማለት ነዋ» አለች።

በዚህ ላይ የመሣሪያው ዋጋ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጊታር፣ ድራምና የድምፅ ማጉያ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። አንድ ኪቦርድ ግን ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ጡሩንባውንም አስመስሎ ያወጣል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካሴቶቻችን በአንድ ኪቦርድና በከበሮ ማሽን መቀናበር የጀመሩት ለዚህ ነው፤ በአጣዬና በሸዋሮቢት ሠርግ ላይም ዛሬ የሚጠራው አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ዘፋኝ፣ ያም ካልተገኘ ዲጄ ነው። ደጋሹ ይህን በማድረጉ ልወቅሰው አልችልም፤ አሥር ሰው አጓጉዞ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ አይችለውም።

ቴዲ አፍሮ በሚያዝያ 2009 «ኢትዮጵያ» የተባለ አልበሙን ሲያወጣ አልበሙ የቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥቶ ነበር። አልበም አልቋል የሚለውን ሰው ዝም ያሰኘ ክስተት ነበር። ነገር ግን የወጣው አንድ ስም ነው፤ ከመድረኩ ኋላ ያለውን አቡጊዳ ባንድ በስሙ የሚጠራው አድማጭ ጥቂት ነው። መሐሪ ብራዘርስም እንዲሁ ነው፤ ስንቱን ዘፋኝ አጅበዋል፣ ሰው የሚያስታውሰው ግን ፊት ለፊት የቆመውን ነው። ጃኖ ይህን ልማድ ሊሰብር ነበር የተነሣው። ለዚህ ነው የእሱ ነገር ከአንድ ባንድ ዕጣ በላይ የሚያሳስበኝ።

ባጃጅ ነጂው ግን እዚህ ላይ አልተረታም። «ኮሪያውያኑስ? እነ ቢቲኤስ ሰባት ሆነው አይደል እንዴ ዓለምን የገዙት?» አለ። ነጥቡ ጥሩ ነው። የኮሪያ ቡድኖች አልበም ዛሬም በሚሊዮኖች ይሸጣል። ደጋፊው አልበሙን የሚገዛው ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የሚገኘውን የአባላቱን ፎቶ ለመሰብሰብ አንዱን አልበም ደጋግሞ ይገዛል። ከኋላ ደግሞ ልጆቹን ለዓመታት አሠልጥኖ፣ ቀልቦ፣ አልብሶ የሚያወጣ ትልቅ ኩባንያ አለ። በሌላው ዓለምም ቢሆን ገንዘቡ በብዛት የሚመጣው ከወርኃዊ ክፍያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የተቀዳ ሙዚቃ በዓለም ደረጃ ካስገኘው 29.6 ቢሊዮን ዶላር 69 በመቶው በኢንተርኔት ከሚሰማ ሙዚቃ የመጣ ነው። እኛ ጋ ያለው ጥያቄ ይህ ወርኃዊ ክፍያ እስከ አጣዬ የሚደርስበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው።

ከእሳቱና ከኔትወርኩ በኋላ

መንገዱ በሌላ ምክንያትም ተቆርጧል። አጣዬ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ተቃጥላለች። ሰው ሞቷል፣ ቤትና ሱቅ ወድሟል፣ ነዋሪው ተሰዷል። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ወርዶ ይህን መስመር በሙሉ አዳርሶታል። የነርሷ እናት ካሴቶችም፣ የልብስ ሰፊው የስፌት ማሽኖችም ከቤት ጋር ነደዋል። ስለ ሙዚቃ ሽያጭ በሚጻፍ ዘገባ ውስጥ ይህን ማንሣት የማይገናኝ ሊመስል ይችላል፤ እዚህ ተቀምጦ ለሚያወራ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ነርሷ ከከተማው ስትወጣ የያዘችው ልብሷንና ስልኳን ነበር። የስልኳ ሚሞሪ ላይ «ኤርታሌ» ነበር። በተጠለሉበት ቦታ ማታ ማታ ለታናናሾቿ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትከፍትላቸው እንደነበር ስትናገር ሌሎቹ ዝም አሉ፤ የሚያውቁት ነገር ነውና።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። አዲስ አበባ ያለው አድማጭ መተግበሪያ አውርዶ በወር ሲከፍል፣ የይፋት ሰው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ብቻ ቀረው። እንግዲህ «ወደ ዲጂታል ተሻግረናል» የሚለው ንግግር አጣዬን አይጨምርም። በዚያን ጊዜ የተጣለው የሰዓት እላፊም የማታ ዝግጅት የሚባለውን አጥፍቶት ነበር።

መፍትሔ አልተሞከረም ማለቴ አይደለም። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ባልደረቦቻቸው በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለ የሙዚቃ መተግበሪያ አስጀመሩ። አድማጩ የባንክ ካርድ ሳያስፈልገው ከስልክ ሒሳቡ ላይ እየተቆረጠ ዘፈኑን ይገዛል፤ ድርሻውም ለባለሥራዎቹ ይደርሳል። ኤልያስ የብዙ አልበሞች አቀናባሪ ነበር፤ የቴዲን «አቡጊዳ» ጨምሮ። የሙያ ጓደኞቹ ሥራ በየመንገዱ ሲገለበጥ እያየ ኖሮ፣ የራሱን ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሰበት ነገር ነው። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ፤ ሥራው ከተጀመረ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ያን ሰው በዚያ ሰዓት ማጣታችን ለሙዚቀኛው መብት የደረሰ ትልቅ ጉዳት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሰዋስው መልቲሚዲያ» መጥቷል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በሚሰጠው የጥሪ ማሳመሪያ በኩልም ገቢ የሚያገኙ አሉ።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት እንዲታሰር ደንግጓል። ለዘፋኙ ብቻ አይደለም፤ ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ከሬዲዮው፣ ከቴሌቪዥኑ፣ ከሆቴሉ ክፍያ ሰብስቦ ለባለመብቶች የሚያከፋፍል ማኅበር የሚቋቋምበትን መንገድ አበጀ። መምህሩ ይህን ሲሰማ የሻይ ቤቱን ባለቤት ጠርቶ «ጋሼ፣ ለምትከፍቱት ዘፈን ሒሳብ የጠየቃችሁ ሰው አለ?» አላቸው። «ለመብራት ይጠይቁኛል፣ ለግብር ይጠይቁኛል፤ ለዘፈን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ ግን አልከፍልም አልልም» አሉ።

እኒህ ሰውዬ የተናገሩት ለእኔ ከአዋጁ ይበልጣል። ፍላሽ የምትጭነዋን ልጅ አሥር ዓመት አስሮ ባንድ አይኖርም። ይልቅስ እሷን ወኪል ማድረግ ይቻላል። ትክክለኛውን ፋይል፣ ከነርዕሱ፣ ከነድምፃውያኑና ከነተጫዋቾቹ ስም፣ በሕጋዊ መንገድ ይሰጣት፤ የጫነችውን ትመዝግብ፤ ከምታስከፍለው ላይ ድርሻዋን ቀንሳ ቀሪውን በቴሌብር ትላክ። ኢንተርኔት በሌለበት ወር ትመዘግባለች፣ ሲመለስ ትልካለች። የአየር ሰዓት ካርድ በየጉሊቱ የሚሸጥ ወኪል ማደራጀት የቻለ አገር ይህን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ለአንድ ዘፈን የሚላከው ጥቂት ብር ነው፤ በዚህ መስመር በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚጫን ያየ ግን ጥቂቱ ሲደመር ምን እንደሚሆን ይገባዋል። ሱቋ ድረስ ሄጄ ሐሳቡን ነገርኳት። «ከአሁኑ ካላነሰብኝ ነገ እጀምራለሁ፤ እኔም እኮ የተሳሳተ ዘፈን ጭነሽብኛል እየተባልኩ ነው የምሰደበው» አለችኝ።

በማግሥቱ ማታ ክርክሩ እንደገና ተነሣ፤ የጃኖ ቀጣይ ጉዞ ምን ይሁን በሚለው ላይ። ባጃጅ ነጂው ነጠላ ዜማ በየሁለት ወሩ ይልቀቁ ባይ ነው። ነርሷ አራቱም ድምፆች አንድ ላይ ካልተሰሙ ጃኖ አልለውም ትላለች፤ «አንዱ ሲደክም ሌላው የሚቀበለው ነገር ነበር ደስ የሚለኝ፤ ለየብቻ ከሆነማ ሌሎችም አሉ።» እዚህ አገር መንዙማ የሚባለው በተቀባይ ነው፤ ማሽላ የሚወቃው በደቦና በጭፈራ ነው። የወሎ ላሊበላ ኪነት የተባለው ቡድንም ከዚሁ የቡድን ልማድ ወጥቶ እነ ማሪቱ ለገሰን አሳይቶናል። የቡድን ድምፅ ለይፋት ሰው ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም፤ ነርሷ የምትጠይቀውም በጆሮዋ የለመደችውን ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ባንዱ ሸዋሮቢት መጥቶ ቢዘፍን ልብሱን በነፃ እሰፋለሁ ብሎ ተወራረደ። ለመድረክ፣ ለጄኔሬተርና ለጥበቃ የሚሆነውን በዕቁብ መልክ እናዋጣ እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን የሚያውቅ ስለሌለ አቆዩት።

እነሱ ይህን ሲያወሩ መምህሩ አራት ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። ክራር የሚጫወት፣ ኪቦርድ የሚነካ፣ ሁለት የሚዘፍኑ፤ አንዷ ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶ ክፍል ይለማመዳሉ። ሠርግ ላይ እንዲጫወቱ ተጠርተዋል፤ ጠሪው ግን የአንዱን ዘፋኝ ስም ብቻ ነው በካርዱ ላይ ሊያሳትም ያሰበው። ምን እንበለው ብለው ነው የመጡት።

«በዚህ እንዳትስማሙ» አለች ነርሷ፤ ሌላ ሰው አፉን ሳይከፍት።

መምህሩ ከደብተሩ አንድ ወረቀት ቀደደና አራቱንም ዙሪያውን አስቀመጣቸው። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ከሠርጉ የሚገኘው እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ስሙ ለማን እንደሚቀር ጻፉ። ክራር ተጫዋቹ ልጅ ድርሻው ከዘፋኞቹ ያንስ ይሆን ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እኩል ነው ሲባል ቀና አለ። ብዙ የተከራከሩት በመጀመሪያው ክፍያ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ነው። ሴቷ ልጅ ማይክሮፎን ይገዛ አለች፣ ኪቦርዲስቱ የራሱ ኪቦርድ ስለሌለው የኪራይ ይቅደም አለ፤ በመጨረሻ ኪራዩ እንዲቀድም ተስማምተው አራቱም ፈረሙ። ልብስ ሰፊው በምስክርነት ከሥር ስሙን አሰፈረና ለሠርጉ የሚለብሱትን አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሊሰፋላቸው የትከሻቸውን ልክ መውሰድ ጀመረ።